በሆብ ጫካ በር ላይ

አባቴን፣ የተቆረጠ ዛፍ አይተው የሚያዝኑ ሰዎች ይገርሙት ነበር። ከከተማ ለሽርሽር የመጡ ሴቶች በሆብ ጫካ አጥር በኩል ሲያልፉ በብርዱ ክረምት የተቆረጠውን ቦታ ያዩና «ወይኔ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ይላሉ። አባቴ ቆቡን ከፍ አድርጎ በትህትና ሰላም ይላቸዋል። ራቅ ሲሉለት ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሄቲ፣ እነዚህ ሴቶች ጸጉራቸውን ተቆርጠው አያውቁም እንዴ?» ይለኛል።

ሆብ ጫካ ትንሽ ናት። ከአንዱ ዳር ተነስቶ ሌላው ዳር ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጥቂት ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉባት፤ የቀረው ሁሉ ሄዝል የሚባል ቀጭን ዛፍ ነው፤ እንጀራችን የነበረው እሱ ነው። አባቴ ጫካዋን በሰባት ከፍሏት ነበር። በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ፣ ዛፉ ቅጠል በሌለው በብርዱ ወራት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ በገጀራ ይቆርጠዋል። ሄዝል እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም፤ ሲቆርጡት አይሞትም። ጸደይ ሲመጣ ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ይፈነዳል፤ በሰባተኛው ዓመት ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ይሆናል። ከዘንጉ አባቴ የበግ አጥር ይጠልፍና ለገበሬዎች ይሸጣል። ጉቶዎቹን አባቱም አያቱም ቆርጠዋቸዋል። «ባንቆርጣቸው ኖሮ ይሄኔ በእርጅና ሞተው ነበር» ይለኝ ነበር። «የሚያኖራቸው መቆረጣቸው ነው።»

እኔም አመንኩት። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከማመኔ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የገና በዓል ካለፈ በኋላ እናቴን ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጥናና ነጥታ ተመለሰች። ምን እንዳደረጓት ማንም አልነገረኝም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም፤ እንዲያውም ለአዋቂም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው። አንድ ጠዋት ግን ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ ስትታጠብ በበሩ ቀዳዳ አየኋት። በግራዋ በኩል ጡት አልነበራትም። በቦታው ከብብቷ እስከ ደረቷ መሀል አግድም የሄደ ቀይ ጠባሳ ብቻ ነበር። አልደነገጥኩም። ይሄ አሁን ድረስ የሚያስገርመኝ ነገር ነው፤ ምንም አልደነገጥኩም።

የዚያኑ ሳምንት ጫካ ውስጥ አባቴና ሚስተር ታፕሰል ዳቦና አይብ ሲበሉ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ሆኜ ሰማኋቸው። ሚስተር ታፕሰል ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ እዚያች ጫካ ውስጥ የሠሩ፣ ጥርስ የሚባል ነገር በአፋቸው ያልቀረ ሽማግሌ ነበሩ።

«ታዲያ ምን አሏችሁ?» አሉት።

«ቆረጡት። እስከ አጥንቱ ነው የቆረጡት።»

«ንጹሕ አድርገው?»

«ንጹሕ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው እኮ፣ ሬጅ። ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው።»

አባቴ ዳቦውን ሳይጨርስ ለወፎቹ በተነውና ገጀራውን አንስቶ ሄደ። ሚስተር ታፕሰል ከኋላው እያዩት ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ የመስማማት መስሎኝ ነበር።

ንጹሕ አቆራረጥ ምን እንደሆነ ግን በመንደሩ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። በአንድ ምት፣ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ልጡን ሳይቀድዱ መቁረጥ ነው። ዝናቡ ጉቶው ላይ ካልተኛ አይበሰብስም፤ ካልበሰበሰ ያበቅላል። እናቴን የቆረጣት ሐኪም ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ቢሆንም ለማረጋገጥ ያህል አባቴን ጠየቅኩት። አጥር ሲጠልፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዘንግ አቀብለው ነበር።

«አባዬ፣ የእማዬ መልሶ ይበቅላል?»

እጁ ቆመ። «ምኑ?»

«የቆረጡት። አይቻታለሁ።»

ዘንጉን አጠፈው፣ አዞረው፣ ቦታው አላስገባ አለው። ደግሞ ሞከረ። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «ካልነካኳት፣ ካላደከሟት ትበረታለች። እረፍት ነው የሚያስፈልጋት። አሁን ያንን ወፍራሙን አቀብይኝ።»

ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው እንደሚጠፋው አውቃለሁ። አባቴ የያዘው ዘንግ ነበር። በውሸቱ ተቀይሜው አላውቅም፤ የተረፈው ቃል እሱ ብቻ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ቡቃያው ብቅ ሊል ሲል፣ ጉቶዎቹን በጭራሮ የማልበስ ሥራ አለ። የተራገፈውን ቅርንጫፍ ሁሉ እየሰበሰብን በየጉቶው ላይ እንከምረዋለን፤ አጋዘን አፉን እንዳያስገባ ነው። እኔ ሥራዬን በደንብ ነበር የምሠራው። እጄ እስኪደማ።

«አጋዘን ክፉ ነው፣ አባዬ?»

«ምን ክፋት አለው ብለሽ ነው። ለጋ ነገር ይወዳል፣ በቃ። ግን ጉቶው ገና ያወጣውን ቡቃያ ከበላበት፣ ደግሞ አውጥቶ ደግሞ ከበላበት፣ ጉቶው አቅም ያጣና ይሞታል። ሁለት ጸደይ መጠበቅ ነው። ሁለት ጸደይ ካለፈው አንገቱን ቢመዝም አይደርስበትም፤ ያኔ እንኳን ደህና መጣህ ብለሽ ታስገቢዋለሽ።»

እቤት ውስጥ የማየው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው እናቴን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ኬክ የያዘ ነው። ይቀመጣል፣ ያወራል፣ እናቴ ትስቃለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ሲሄዱላት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ብጠራትም አትሰማኝም። ለጋውን በልተውባት እንደሄዱ ነበር የማየው። ጭራሮ የሚያለብሳት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር የግቢያችን በር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

ቄሱን «እናቴ ተኝታለች» ብዬ መለስኳቸው፤ መስኮቱ ላይ ቆማ እያዩዋት። የፖስታ ቤቷ ሚስስ ፔሊንግ ጄሊ ይዘው ሲመጡ ደግሞ እጄን ዘርግቼ፣ «ጄሊውን ይስጡኝ፤ እርስዎ ግን አይገቡም» አልኳቸው።

«እንዴ!» አሉ ሚስስ ፔሊንግ። «ሬጅ ውሻ መግዛቱን አልሰማሁም ነበር።»

ይህ በመንደሩ ተወራና ተሳቀበት። አባቴም «ተያት፣ ለእናቷ አስባ ነው» አለ እንጂ አልተቆጣኝም። ያን ጊዜ ቢቆጣኝ ኖሮ ምናልባት እዚህ ታሪክ ላይ አልደርስም ነበር።

እናቴ አንዲት እህት ነበረቻት፤ ዶሪን ትባላለች። ዓሣ አጥማጅ አግብታ በስተሰሜን ግሪምስቢ የሚባል ወደብ ነበር የምትኖረው። አይቻት አላውቅም፤ እናታቸው ስትሞት ለቀብር አልመጣችም፣ እናቴም ተናዳ ሻካራ ደብዳቤ ጻፈችላት፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተጻጻፉም። እናቴ ግን በዚያ ሚያዝያ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትጽፍ አየኋት። እየጻፈች ትቀድዳለች፣ ትቀድድና ትጽፋለች።

«ለማን ነው፣ እማዬ?»

«ለአክስትሽ። እንድትመጣ።»

«አትመጣም» አለ አባቴ ከምድጃው አጠገብ፣ ጫማውን እየፈታ።

«ትመጣለች።»

«ለእናቷ ቀብር ያልመጣች...»

«ሬጅ።»

እናቴ ስሙን እንዲያ አድርጋ ስትጠራው በእኛ ቤት ወሬ አበቃ ማለት ነው። ቀስ ብላም፣ እሱን ሳታይ፣ «እሷን ሳላይ አይሆንልኝም» አለች። እኔ ይህን የሰማሁት፣ እንደ ማንኛውም ሰው እህቷ ናፍቃት ነው ብዬ ነው። ለምን እንደቸኮለች አባቴ ያውቃል፤ ሚስተር ታፕሰል ያውቃሉ፤ ሚስስ ፔሊንግ ሳይቀሩ ያውቃሉ። እኔና አክስቴ ብቻ አናውቅም ነበር።

ያን ደብዳቤ አክስቴ ከሞተች በኋላ ከመሳቢያዋ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ክረምቱን ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን አልፏል፤ አትጨነቂ። በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ እንደ ድሯችን ሆብ ጫካ አበባ ለማየት እወጣለሁ። ብትመጪ ደስ ይለኛል። የጻፍኩልሽን ሁሉ እርሺው።» ይኸው ነው። የአገሬ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው። ቤቱ ቢቃጠልበት እንኳ «ዛሬ ትንሽ ሞቆን ነበር» ብሎ ነው የሚጽፈው።

እሑድ ደረሰ። ቀኑ ብራ ነበር። አባቴ አጥር የሚጭንበትን የእጅ ጋሪ ጠርጎ ጭድ አነጠፈበት፣ በጭዱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ እናቴን። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ነበር፤ በጎደለው በኩል የተጠቀለለ ካልሲ ከታበት። እየሳቀች «አጥር መሰልኩ፤ ለገበሬ እንዳትሸጠኝ» አለችው። አባቴም «በአንቺ በግ አይታጠርም፤ ሁሉንም አስገብተሽ ሻይ ታጠጪልኛለሽ» አላት። ሳቀችና ሳል ያዛት፤ ሳሉ አልለቃት ብሎ ጋሪው መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

ጫካ ውስጥ አባቴ ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት የቆረጠው ክፍል ላይ አበባው ፈንድቶ ነበር። ሰማያዊ ደወል የምንለው አበባ ጥላ ሲነሳለት ነው የሚያምርበት፤ መሬቱ አይታይም፣ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ነው፣ ሽታው ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ይቀላቀላል። እናቴን ኦክ ዛፉን አስደግፈን አስቀመጥናት። አባቴ «እኔ ወዲያ ማዶ ትንሽ ሥራ አለችኝ» ብሎ ሄደ። ሥራ አልነበረውም፤ እህትማማቾቹን ለብቻቸው ሊተዋቸው ነው።

«ሄቲ፣ ጸጉሬን አስተካክይልኝ።» አስተካከልኩላት። «ኮሌታዬስ?» እሱንም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉንጮቿ ቀልተው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ በአፏ እየተነፈሰች ነበር። «በይ አሁን በሩ ጋ ሂጂ። አምስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይደርሳል። ዶሪን አዲሱን መንገድ አታውቀውም፤ ስትመጣ ይዘሽልኝ ነይ።»

«በምን አውቃታለሁ?»

«እኔን ትመስላለች። ኮፍያዋ ብቻ ከእኔ ይበልጣል።»

መቶ እርምጃ ብሄድ ነው በሩ። አሮጌ የእንጨት በር ነው፣ በሽቦ ይታሰራል፤ ወደ ጫካዋ መግቢያው እሱ ብቻ ነው። በሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና አሰብኩ። እናቴን ጎረቤት አንድ ሰዓት ቢያወራት ግማሽ ቀን ግድግዳ ታያለች። ይህቺን ገና ሳታያት፣ በመጠበቅ ብቻ፣ እንዲህ ተንቀጠቀጠች። ስታያትስ? ቡቃያው እኮ ገና የዚህ ዓመት ነው።

እውነቱን ሁሉ ከተናገርኩ አይቀር፣ ሌላም ነገር ነበር። ያን ክረምት እናቴ አንድም ቀን ለእኔ ኮሌታዋን አስተካክላ አታውቅም። ቀንቼ ነበር።

መጣች። ከመንገዱ ጥግ መጀመሪያ የታየኝ ኮፍያዋ ነው፣ ቢጫ፣ ትልቅ፣ ላዩ ላይ የጨርቅ እንጆሪ የተሰፋበት። በእሑድ ጫማዋ ጭቃውን እየዘለለች፣ የኬክ ቆርቆሮ በብብቷ ይዛ፣ ለራሷ እያወራች ነበር። ስታየኝ ቆመች። የእናቴ አፍንጫ ነበራት፣ የእናቴም አገጭ።

«የአይቪ ልጅ ነሽ» አለች። «አትንገሪኝ። ይህን ኩርፊያ የትም አውቀዋለሁ።»

በሩን ሁለት እጄን አጥብቄ ያዝኩ።

«እኔ አክስትሽ ነኝ። ነይ ሳሚኝ እስቲ። እናትሽ የት ናት? ውስጥ ናት አይደል?»

«መግባት አይቻልም» አልኩ።

«ለምን? ንጉሥ መጥቷል እንዴ?» ብላ ሽቦውን ልትፈታ እጇን ዘረጋች። እጄን እላዩ ላይ አደረግኩ።

«እማዬ ከሁለት ጸደይ በኋላ ነው የምትመጣው ብላለች።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ሆነ። «እሷ ናት ያለችው? በራሷ አፍ?»

«አዎ።»

«ደብዳቤ የላከችልኝ ራሷ አይደለችም እንዴ?»

«ሁለት ጸደይ» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ትገቢያለሽ።»

ወደ ጫካዋ ተመለከተች። ከዛፎቹ ኋላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጮክ ብላ ብትጣራ ኖሮ እናቴ ትሰማት ነበር። አልተጣራችም። ኮራ ያለች ሴት ነበረች፣ እንደ እናቴ።

«እሺ አንድ ነገር ንገሪኝ። በጠና ታማለች?»

«አልታመመችም። እየዳነች ነው። መነካት ብቻ ነው የሌለባት።» ይህን ስል አልዋሸሁም። በሙሉ ልቤ ነው ያልኩት፣ አክስቴም ያመነችኝ ለዚህ ነው።

«ዕዳዬን መክፈል አለብኝ ማለት ነው» አለች፤ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «ሁለት ዓመት ቅጣት። ያው አይቪ ናት፤ በልጅነታችንም አሻንጉሊቷን ከሰበርኩባት ቀን ቆርጣ ነበር የምትታረቀኝ። እንግዲህ ሰባት ዓመት ከቆየሁ ሁለት ምን አላት። ሁለት ጸደይ ቆጥሬ እመጣለሁ በያት። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

ኬኩን ይዛ ተመለሰች። ቢጫው ኮፍያ በአጥሩ አናት ላይ ብቻውን ሲሄድ፣ ሲሄድ አየሁትና ጠፋ። እኔም ወደ እናቴ ሮጥኩ።

«መጣች?»

«ማንም አልመጣም።»

«አውቶቡሱ ዘግይቶ ይሆናል። ተመለሺና ጠብቂ።»

ተመልሼ ባዶ መንገድ ጠበቅኩ። ደግሞ ጠየቀችኝ፣ ደግሞ ማንም አልኩ። የከሰዓቱ አውቶቡስም ሲያልፍ ከሩቅ ሰማነው። ጥላው ሲደርስባት ብርድ ልብሱን ላለብሳት ብዬ ሳጎነብስ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። አባቴ ሲመጣ ከፊቱ ብቻ ገባው።

«ነግሬሽ ነበር» አለ። «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ አይቪ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሬጅ። ተዋት።»

ጋሪው በሩ ጋ ሲደርስ «አንዴ አቁም» አለችው። ወደ አውቶቡሱ መንገድ ለረጅም ጊዜ አየች። እኔ ብርድ ልብሱን ተሸክሜ ከኋላ ቆሜ ነበር። ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር። ከሁሉም የሚያመኝ ይህ ነው፤ ሀዘኔን እችለዋለሁ፣ ያን ኩራት ግን ሳስታውሰው ዛሬም ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሞተች። ሣር ሳይታጨድ። አባቴ ለማንም አልጻፈም። ሚስስ ፔሊንግ «ለእህቷ ቴሌግራም ልላክላት?» ቢሉት፣ «ሳትሞት ያልመጣች ሞታ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» ብሎ አስወጣቸው። ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ጫካ ገባሁ። ክረምቱን የተቆረጡት ጉቶዎች ወገቤ ድረስ አብቅለው ነበር። ጭራሮውን ከአንዱ ላይ ገፍፌ ቡቃያውን በጫማዬ ረገጥኩት፣ እስኪላላጥ ረገጥኩት። ለማን ልናገር? አባቴ ያን ሰሞን ድስት ጥዶ ውሃ መጨመር የሚረሳ ሰው ሆኖ ነበር። ትንሽ ይሻለው ስል ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩም ቀረሁ።

ሁለተኛው ጸደይ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለተወ እሑድም ጫካ ውስጥ ነበር የሚውለው፤ እኔም አብሬው። የግንቦት የመጀመሪያው እሑድ መሆኑን ሁለታችንም አውቀን ሁለታችንም አላነሳነውም። ውሃ እንዳመጣ ላከኝ። ምንጩ በሩ አጠገብ ነው።

ባልዲዬን ሞልቼ ቀና ስል በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ያው ቢጫ ኮፍያ። ያው የኬክ ቆርቆሮ።

«አድገሻል!» አለችኝ። «ይኸው ቆጥሬ መጣሁ። ሁለት ጸደይ አላልሽም? አሁንስ ታስገቢኛለሽ ወይስ ዛሬም ዘበኛ ነሽ?»

ሽቦውን ፈታሁላት። ጉንጬን ሳመችኝና ከፊቴ ቀድማ ገባች፣ እያወራች፣ ጭቃውን እየዘለለች። «ምነው ጫካዋ እንዲህ ጠበበችብኝ? ያኔ አገር ታክል ነበር። ኬኩ ደርቆ እንደሆነ እናትሽ እንዳትስቅብኝ፣ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣበት ነው።» ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ በሙሉ ድምጿ ተጣራች። «አይቪ! አይቪ፣ ነይ ውጪ! አንቺን ስጠብቅ አረጀሁ እኮ!»

የአባቴ የመዶሻ ድምፅ ቆመ። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማሁ። አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሄዝሉን በሁለት እጁ እየከፈተ፣ ቆቡ ወድቆ፣ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ መጣ። ከርቀት ያያት አገጯንና አፍንጫዋን ነው። ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ልጽፈው አልችልም። ከዚያ ማን እንደሆነች ለየና ቆመ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» አላት።

«አይቪን ነዋ፤ ማንን ልጠራ ኖሯል? የት ደበቅካት?»

«ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው» አለ።

«ምን ከሆነች?»

መሬት መሬት አየ። አክስቴ የኬኩን ቆርቆሮ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ከዚያ ያገኘችው ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

«እዚያ ኦክ ሥር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ጠበቀችሽ» አላት አባቴ፤ ድምፁ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻል ነበር። «እየሞተች መሆኗን እያወቀች። ሁለት አውቶቡስ እስኪያልፍ። ለእናትሽ አልመጣሽም፣ ለእህትሽም አልመጣሽም። ዛሬ ለማን መጣሽ?»

አክስቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ አየችኝ። ባልዲው እጄ ላይ ነበር፣ ውሃው ጫማዬ ላይ እየፈሰሰ ነበር፣ ላስቆመው አልቻልኩም። ዓይኗ ከእኔ አልተነሳም። ምን እንደሠራሁ ገባት፤ ሁሉም ነገር እዚያው እፊቴ ሲገባት አየሁ። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልክ ነህ፣ ሬጅ» አለች። «መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም።»

«አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ነው» አላት አባቴ። ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ተከተልኳት። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ተቆጥታኝ ነበር?» አለችኝ። «ሳልመጣላት ስቀር ምን አለች?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ተዋት አለችው።»

ያኔ አለቀሰች፣ ኮፍያዋን አውልቃ ፊቷን እሱ ውስጥ ደብቃ። አውቶቡሱ ከኮረብታው ሲወርድ ታየ። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት። «እኔ መሆኔን።»

የኬኩን ቆርቆሮ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ከእሱ ጋር ትኖሪያለሽ» አለችኝ። «እኔ አውቶቡስ አለኝ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ስሟ በተነሳ ቁጥር «ያቺ የማትመጣዋ» ይል ነበር። ማታ ማታ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሻዩን እቀዳለት ነበር። አልነገርኩትም።